ያልመዘገበ ይገመታል፦ ግብር፣ ጡረታና ሒሳብ ከኢዲዶ ሲታዩ

ለዛሬው ሕዝባዊ ንግግር የተሰጠኝ ርእስ «መሠረታዊ የግብር፣ የጡረታ ቁጠባና የሒሳብ አያያዝ ግንዛቤ» የሚል ነው። ርእሱ ደረቅ መስሎ የታያችሁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። እኔም ሙያዬ ታሪክ እንጂ የሒሳብ መዝገብ አይደለምና በመጀመሪያ ሳየው ያው መስሎኝ ነበር። ሆኖም የጌዴኦን ምድር ያለፉ መቶ ሃያና መቶ ሠላሳ ዓመታት ታሪክ መለስ ብዬ ስመረምር፣ ከጦርነቱና ከሹም ሽሩ በታች አንድ ጥያቄ ሳይቋረጥ ሲሄድ አገኘሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ምርቱን የሚቆጥረው ማን ነው? የተቆጠረውን የሚጽፈው፣ የተጻፈበትንስ ወረቀት የሚይዘው ማን ነው?

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ይህን ርእስ የቤቴ ጉዳይ ያደረገብኝን ነገር ላውጋችሁ። አጎቴ ከኢዲዶ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ጥቂት ቡናና እንሰት አለው፤ ጓሮው ግን ቤተሰቡን ሊያኖር ስላልቻለ በአንድ የቡና ማዘጋጃ ድርጅት በቋሚ ዘበኝነት ተቀጠረ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ ከደመወዙ መቆረጥ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ስድሳ ዓመት ሲሞላው፣ አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁና ጡረታዬ ይከበርልኝ ብሎ አመለከተ። መዝገቡ ሲታይ በስሙ ገቢ የተደረገው መዋጮ የሰባት ዓመት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሕጉ ለዕድሜ ልክ አበል ቢያንስ የአሥር ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። አጎቴም ወርኃዊ አበሉ ቀርቶ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። «አጎቴ፣ የደመወዝ ወረቀቶችህን አላስቀመጥህም?» ብዬ ስጠይቀው የሰጠኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ልጄ፣ ፊርማዬን ወሰዱ እንጂ ወረቀቱን መቼ ሰጡኝ» አለኝ።

ይህ ነገር በአጎቴ አልተጀመረም። ፊርማው የገበሬ፣ ወረቀቱ የሌላ ሲሆን በዚህ ምድር ረጅም ዘመን አልፏል።

፩. ገባርና ግምት

የጌዴኦ ምድር በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ሠራዊት አማካይነት ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ገባ። ከዚያ በፊት ሕዝቡ በባሌ ሥርዓት ይተዳደር፣ ጉዳዩንም በሶንጎ ተቀምጦ ይመክር ነበር። አዲሱ አስተዳደር ሲተከል ለወታደሩ ቀለብ የሚሆን ደመወዝ በመንግሥት ግምጃ ቤት አልነበረም። ስለዚህ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው። ገባር የሆነው ቤተሰብ ማር፣ እህልና ሌላም ምርት ይገብራል፤ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይሰብራል፣ እህል ይፈጫል፣ ጭነት ይሸከማል። በዛሬ አነጋገር ግብሩ፣ የቤት ኪራዩና የጉልበት ሥራው ባንድ ላይ ተደባልቀው ነበር ማለት ነው። የመንግሥት ግብር የት አልቆ የባለሥልጣኑ የግል ጥቅም የት እንደሚጀምር የሚለይ መስመር አልነበረም። ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ «የድርጅትህን ገንዘብና የኪስህን ገንዘብ ለይ» ሲል ተራ ምክር ይመስላል። በታሪክ ዐይን ሲታይ ግን መንግሥታት ራሳቸው እጅግ ዘግይተው የተማሩት ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የዘመኑ ግብር አሥራት ነው። አፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን ረኃብ በኋላ፣ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተሠራ የሚያደርሰውን ጥፋት ለማስቀረት ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን እንዲሰጥ ደነገጉ። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ልክ ያለው ግብር ልክ ከሌለው ግብር ይሻላልና። ነገር ግን ከአሥር አንዱን ለማወቅ አስቀድሞ አሥሩ መታወቅ አለበት። አሥሩን የሚያውቀው ማን ነው? ገማቹ ነው። ገማቹ ማሳው ዳር ቆሞ በዐይኑ ይለካል፤ እርሱ ያለው ቁጥርም ሕግ ይሆናል።

አሁን የጌዴኦን ጓሮ አስቡት። ቡናው በእንሰት መካከል፣ እንሰቱ በጥላ ዛፍ ሥር፣ ከሥራቸው ደግሞ ሌላ ተክል አለ። ይህ ተደራራቢ አተክልት ዛሬ የዓለምን አድናቆት አግኝቶ፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክአ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለገማች ዐይን ግን ከዚህ የሚከብድ ማሳ የለም። በዚያ ላይ ቡና አንድ ዓመት ሰጥቶ በቀጣዩ ዓመት የሚቀንስ ተክል ነው። አምና ባፈራው ልክ ዘንድሮ የተገመተበት ገበሬ ከሌለው ላይ ይከፍላል።

፪. ከቀላድ እስከ ሚችሌ

ከኢጣሊያ ወረራ በፊትና በኋላ መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተመደበ፤ አንድ ጋሻ በግምት አርባ ሄክታር ነው። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ግብሩን በገንዘብ አደረገው፤ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ብር። በ1937 ዓ.ም. አሥራቱም ወደ ገንዘብ ተለውጦ ተጨመረበት። የትምህርትና የጤና ግብርም በየተራቸው ተከተሉ። በአዋጁ ፊት ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ግብር የታወቀ ልክ አገኘ፣ ከፋዩም ደረሰኝ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በዚያ ዘመን የግብር ደረሰኝ የክፍያ ማስረጃ ብቻ አልነበረም፤ የርስት ማስረጃም ሆኖ ያገለግል ነበር። «በስሜ እገብራለሁ» ማለት «መሬቱ የኔ ነው» ማለት ነበር። እንግዲህ ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጥ እንደነበር ጠይቁ። መሬቱ ሲለካ በስሙ የተጻፈለት ባለርስት ሆነ። ቡናውን የተከለው፣ እንሰቱን ያደገደገው፣ የአያቱ መቃብር እዚያው ያለው ሰው ግን ስሙ በመዝገብ ባለመስፈሩ ጭሰኛ ተባለ። በአንድ የመዝገብ መስመር ምክንያት ሰው በገዛ ቀየው ተከራይ ሆነ።

ጭሰኛው ከምርቱ እርቦ፣ ማለትም አንድ አራተኛ፣ ለባለመሬቱ ይከፍል ነበር። አሥራቱ በሕግ ወደ ገንዘብ ከተለወጠና የባለመሬቱ ዕዳ ከሆነ በኋላም በየቦታው ከጭሰኛው በዓይነት መሰብሰቡ አልቀረም። ለመማሪያ ያህል ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ገበሬ 100 ፈረሱላ ቡና አመረተ እንበል። አሥራቱ 10፤ ከቀረው 90 ላይ እርቦው 22 ተኩል፤ ለገበሬው 67 ተኩል ይቀረዋል። አሁን ማሳው 140 ፈረሱላ ይሰጣል ተብሎ ተገመተ እንበል። አሥራቱ 14፣ ከቀረው 126 ላይ እርቦው 31 ተኩል፤ ድምሩ 45 ተኩል ይሆናል። ያመረተው ግን ያው 100 ነውና የሚቀረው 54 ተኩል ነው። አሥራቱም እርቦውም በመቶኛ አልጨመሩም፤ የተለወጠው ግምቱ ብቻ ነው። በታክስ ትምህርት «ምጣኔ» እና «የግብር መሠረት» የምንላቸው ሁለት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ብዙ ሰው ስለ ምጣኔው ይከራከራል፤ ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚጎዳው ግን መሠረቱ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በሚችሌ ተነሡ። መነሻው የመሬትና የእርቦ ጉዳይ ነበር። ጦርና መሰል ባህላዊ መሣሪያ የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ኃይል ጋር ተጋጠመ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከዚያ ትውልድ የተወለዱ አሉና ቃሌን እመርጣለሁ። እንደ ታሪክ ተማሪ ግን አንድ ነገር ልበል። የሚችሌ ሰዎች ግብር አንከፍልም ብለው ብቻ አልተነሡም። ግብርማ ሲከፍሉ የኖሩ ናቸው። የተነሡት ልኩን በማያውቁት፣ ሊከራከሩበት በማይችሉት፣ በእጃቸውም ወረቀት በሌለበት ክፍያ ላይ ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር የዚያ ጥያቄ አንዱ ግማሽ ተመለሰ። ሌላው ግማሽ፣ የመዝገቡ ጥያቄ፣ ገና አልተመለሰም።

፫. ዛሬም ያልመዘገበ ይገመታል

ወደ ዘመናችን ልምጣ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ገቢን በሠንጠረዥ ከፍሎታል፤ «ሀ» የደመወዝ፣ «ለ» የኪራይ፣ «ሐ» የንግድ፣ «መ» የልዩ ልዩ ገቢ። ነጋዴውንም በዓመታዊ ሽያጩ መጠን በደረጃ ለየው። በዝቅተኛው ደረጃ የነበረው ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረበት በቁርጥ ግብር ይስተናገድ ነበር። ይህ ለትንሽ ነጋዴ እፎይታ መስሎ ይታያል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የዕለት ገቢ ግምት ሲወጣ ግን በአዲስ አበባና በልዩ ልዩ ከተሞች ነጋዴው ግምቱ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ሱቁን እስከ መዝጋት ደረሰ። ያን ጊዜ የብዙዎቹ ችግር፣ «ያለኝ ገቢ ይህን ያህል ብቻ ነው» ብለው የሚያሳዩት መዝገብ አለመኖሩ ነበር። ገማቹ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱን የሚያሳይ ደብተር ግን አልነበረም።

የታክስ አስተዳደር ሕጉም መዝገብ ያላቀረበን ግብር ከፋይ በግምት የመወሰን ሥልጣን ለግብር ባለሥልጣኑ ይሰጣል። በአንጻሩ ለግብር ከፋዩ የአቤቱታ መብት ይሰጣል። በፌዴራሉ ሕግ ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ፣ በቅሬታው ካልረካም በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይችላል። የአሥራት ዘመን ገበሬ ይህን መብት በሕልሙም አላየውም። ነገር ግን መብቱ የሚሠራው ለሚቆጥርና ለሚጽፍ ሰው ነው። ደብተር ሳይዙ ይግባኝ ማለት ያለ ምስክር እንደ መሟገት ነው።

በደመወዝ ግብር ላይም የተለመደ አንድ ስሕተት አለ። «ደመወዜ ቢጨመር ወደ ላይኛው ምጣኔ ገብቼ እጎዳለሁ» የሚሉ ሰዎች ከተማሪዎቼም ከባልደረቦቼም መካከል አጋጥመውኛል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው ወርኃዊ ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ከ14,000 ብር በላይ ላለው 35 በመቶ ይደርሳል። የላይኛው ምጣኔ የሚነካው በላይኛው እርከን ላይ ያለውን ገንዘብ ብቻ ነው። 14,000 ብር የሚያገኝ ሰው 2,850 ብር ይገብራል። 100 ብር ሲጨመርለት ግብሩ 2,885 ይሆናል። ከጭማሪው 35 ብር ለግብር ይሄዳል፤ 65ቱ ለራሱ ይቀራል እንጂ የቀደመው 14,000 አይነካም። እንደ ደረጃ አስቡት፤ አራተኛውን ደረጃ የረገጠ ሰው ታችኞቹን ሦስቱን አያፈርስም።

፬. ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለም

አሁን ወደ ኢዲዶ እንውረድ። ኢዲዶ የይርጋጨፌ ቡና ስሙን ካተረፈባቸው ቀበሌዎች አንዱ ነው። የኢዲዶ ኅብረት ሥራ ማኅበር በ1994 ዓ.ም. ከተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባላት አንዱ ነው። ዩኒየኑ የተመሠረተበት ጊዜ የዓለም የቡና ዋጋ ክፉኛ የወደቀበት ወቅት ነበር፤ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ሌላ ሊተክል ያሰበበት ጊዜ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

በኢዲዶ ያለ ገበሬ 2,000 ኪሎ እሸት ቡና በኪሎ 60 ብር ሸጠ እንበል። ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው። እጁ የገባው 120,000 ብር ነው። ይህ ገቢ ይባላል። ለለቃሚ በኪሎ 8 ብር ቢከፍል 16,000፣ ለአረምና ለኩትኳቶ 9,000፣ ለማጓጓዣ 3,000፣ ለጆንያና ለልዩ ልዩ 2,000 ብር አወጣ። ወጪው 30,000 ነው። የቀረው 90,000 ትርፍ ይመስላል። እውነት ግን ትርፉ ይህ ነውን? የቡና ዛፍ ያረጃል። ሲያረጅ ይጎነደላል፤ ከተጎነደለ በኋላም ሁለትና ሦስት ዓመት እንደ ቀድሞው አያፈራም። ስለዚህ ከዘንድሮው ፍሬ ውስጥ አንዱ ክፍል ዛፉ ከሕይወቱ የከፈለው ነው። የሒሳብ ሰዎች ይህን «የእርጅና ቅናሽ» ይሉታል። ገበሬው በየዓመቱ ለምሳሌ 10,000 ብር ለጉንደላ ዘመን ካላስቀመጠ፣ ትርፍ መስሎት የበላው የነገውን ዛፍ ነው። እናቶቻችን ይህን ስም ሳይሰጡት ያውቁታል። እንሰት ሲነቅሉ በቦታው ችግኝ ሳይተክሉ አይተዉምና።

ማኅበሩን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ማኅበሩ እሸት ለመግዛት 5 ሚሊዮን ብር ተበደረ እንበል። በዚያን ቀን ካዝናው ሙሉ ነው። አባላት ካዝናውን አይተው «ማኅበራችን ሀብታም ነው፤ ለምን አታካፍሉንም?» ቢሉ፣ የሚጠይቁት የባንክ ገንዘብ ነው። ሉካ ፓቺዮሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው የሁለትዮሽ አመዘጋገብ ጥበብ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ብር ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ባንድ በኩል የት እንዳለ፣ በሌላ በኩል ከማን እንደመጣ። ካዝና ውስጥ 5 ሚሊዮን አለ፤ ለባንክ 5 ሚሊዮን ዕዳ አለ። ሀብት ማለት ከዕዳ የተረፈው ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ፣ የቀረው ለአባላት እንዲከፋፈል ደንግጎ ነበር። ማኅበሩ 1 ሚሊዮን ብር ቢያተርፍ 300,000 ይቀመጣል፤ 700,000 ይከፋፈላል። ሁሉም በተሳትፎ ይከፋፈል ብንልና ማኅበሩ በዓመቱ 350,000 ኪሎ እሸት ተረክቦ ቢሆን፣ ለአንድ ኪሎ 2 ብር ይደርሳል። 2,000 ኪሎ ያስረከበው ገበሬያችን 4,000 ብር ያገኛል ማለት ነው። ግን 2,000 ኪሎ ማስረከቡን የሚያውቀው ማን ነው? በኅዳር ጭቃ ውስጥ፣ ለቃሚው ተሰልፎ፣ ሚዛኑ ላይ የተቆረጠችለት ያቺ ትንሽ ደረሰኝ ናት። ብዙዎቻችን በኪሳችን አጥበን እንጥላታለን። በ1937 ዓ.ም. የተቆረጠች ደረሰኝ የርስት ምስክር ነበረች ካልን፣ የዛሬዋም የድርሻ ምስክር ናት።

፭. እርጅናና ስንቁ

የመጨረሻው ነጥቤ ጡረታ ነው። በቀድሞው ዘመን የጌዴኦ ሰው የእርጅና ስንቁ ምን ነበር? ልጆቹና እንሰቱ ናቸው። እንሰት የሚደንቅ የቁጠባ ሒሳብ ነው። ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ ከደረሰ በኋላ ግን በወቅት አይታሰርም፤ ሲቸግር ይነቀላል፣ ካልቸገረ እየወፈረ ይቆያል። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮም ይከርማል። ቡና የወቅት ገቢ፣ እንሰት የረጅም ጊዜ ቁጠባ፤ ሁለቱ በአንድ ጓሮ ሲቆሙ ቤተሰቡ በክፉ ዓመት አይወድቅም። ዛሬ መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጠቦ፣ ልጆችም ወደ ከተማ ሄደው፣ ያ ስንቅ እየሳሳ ነው።

ዘመናዊው ጡረታ በአገራችን በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ለመንግሥት ሠራተኛ ተዘረጋ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ወደ ሥርዓቱ ለመግባት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጠበቀ፤ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ገባ። ለሁለቱም ሥርዓቶች በ2014 ዓ.ም. አዲስ አዋጆች ወጥተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው 700 ብር ይቆረጥበታል፤ አሠሪው 1,100 ይጨምርለታል፤ በስሙ 1,800 ብር ገቢ ይሆናል። ግብሩ ደግሞ 1,650 ነው። ስለዚህ እጁ የሚገባው 7,650 ብር ይሆናል። ደሞዝተኛ ሁሉ ይህን ስሌት በየወሩ በገዛ እጁ ቢሠራ ምኞቴ ነው።

አበሉ ሲሰላ ለአሥር ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል፤ ለመንግሥት ሠራተኛው ከአሥሩ በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ከ70 በመቶ ግን አያልፍም። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ 55 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ከነበረ አበሉ 5,500 ብር ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጡረታ ብቻውን የቀድሞ ኑሮን አይተካም፤ ስለዚህ ተጨማሪ ስንቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ዘጠኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ወርና አሥር ዓመት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወር ቢመስልም ለሰውየው የዕድሜ ልክ አበል ማግኘትና ማጣት ነው።

ገበሬውስ? ቡናው የአገርን የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣው የኢዲዶ ገበሬ በእነዚህ ሕጎች ውስጥ የለም። ደመወዝ የለውምና ከምን ይቆረጥለታል? ለቀብሩ ዕድር አለው፤ ለድንገተኛ ጉዳይ ዕቁብ አለው። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው። ነገር ግን ዕድር ሰውን ሲሞት እንጂ ሲያረጅ አያግዘውም፤ ዕቁብም ዙሩ ሲያልቅ ያልቃል። በባንክ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ በ7 በመቶ ወለድ የተቀመጠ ገንዘብ በአሥር ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይሁንና እንደ 2014 ዓ.ም. ያለ፣ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ያለፈበት ዘመን ሲመጣ ብሩ በቁጥር እየበዛ በዋጋው ይከሳል። ስለዚህ ለገበሬ ስንቁን በአንድ ቦታ አለማኖር ይበጃል፤ ጥቂት በብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ ጥቂት በአክሲዮን ድርሻ በማኅበሩ ውስጥ፣ ጥቂት በከብት፣ ከሁሉ በፊት ግን በተጎነደለና በታደሰ ቡና፣ በተተካ እንሰት። ይህን የምለው የገበሬውን ጡረታ ጉዳይ ለጓሮው ትተን እንቀመጥ ለማለት አይደለም። ማኅበራትና ዩኒየኖች ከዓመታዊ ትርፍ ለአረጋውያን አባላት የሚሆን ነገር ስለማቆየት ሊመክሩበት የሚገባ ርእስ ነው፤ ሶንጎአችንም ቢነጋገርበት አያንስበትም።

፮. ደብተሩን ማን ይያዝ

ወደ አጎቴ ልመለስ። ሕጉ አሠሪ ያላስገባውን መዋጮ የማስከፈል ሥልጣን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሰጥቷል። አጎቴም በኋላ ሰዎች መክረውት አቤት ብሎ ነበር። «ያልገባልህ የየትኞቹ ወራት ነው? በምን ታስረዳለህ?» ተባለ። በሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ሦስት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነበር። ድርጅቱ በመካከሉ ባለቤት ለውጧል፤ የቀድሞው የሒሳብ ሠራተኛም የለም። ጉዳዩ በዚሁ ቀረ። ዛሬ አጎቴ በስድሳዎቹ ዕድሜው ሌሊት ሌላ ግቢ ይጠብቃል።

እኔ ራሴ ከዚህ ክስ ነፃ አይደለሁም። በዚያ አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተማርሁት የቤተሰቡ ልጅ እኔ ነበርሁ። በየበዓሉ እሄዳለሁ፤ ቡናውን እጠጣለሁ፤ ስለ ገባርና ስለ ነፍጠኛ ሥርዓት የጻፍሁትን አነብለታለሁ። «የዚህ ወር የደመወዝ ወረቀትህ የታለ? በጡረታ መለያ ቁጥርህ ገቢ መደረጉንስ ጠይቀሃል?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። የሩቁን ዘመን መዝገብ ስመረምር የቅርቡን ሳላየው አለፈኝ።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። በግራ ገጽ የገባውን፣ በቀኝ ገጽ የወጣውን፣ ከቀኑ ጋር ጻፉ። የሚዛን ደረሰኞችን፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ደረሰኞችን፣ ተቀጣሪ ካለም የደመወዝ ወረቀቶችን በአንድ ሳጥን ሰብስቡ። የተቀጠረ ዘመድ ካላችሁ መዋጮው በስሙ ገቢ መሆኑን በየዓመቱ አብራችሁት ሄዳችሁ ጠይቁ። እናንተ አባቶችና እናቶች ደግሞ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ፣ ስለ ትርፍ ክፍፍሉ ከመጠየቃችሁ በፊት «ዕዳችን ስንት ነው? መጠባበቂያችንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የኦዲት ሪፖርቱም በምትሰሙት ቋንቋ ይነበብላችሁ።

የሚችሌ ሰዎች ይህን ለመጠየቅ ደብተርም፣ የአቤቱታ ቀንም፣ የጉባኤ ወንበርም አልነበራቸውም። እኛ ሦስቱም አሉን።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከኢዲዶ ከመጡት አባቶች ብንጀምር ደስ ይለኛል።